ሰሌዳው ላይ የቀረችው ማይነስ

ፕሮፌሰር ቀጀላ ጠዋት ጠዋት በረንዳቸው ላይ የተሰቀለውን ጥቁር ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ። ከላይ ከግራው ጥግ ይጀምራሉ፤ አይቸኩሉም። ከታች ከቀኙ ጥግ ሲደርሱ ግን እጃቸው ይዘገያል። እዚያ አንዲት አጭር አግድም መስመር አለች፤ ርዝመቷ ጣት አይሞላም። ጨርቁ ዙሪያዋን ይዞራል እንጂ አይነካትም። ከዚያ ከሸሚዛቸው ኪስ የጠመኔ ቁራጭ ያወጡና፣ ጤዛው አደብዝዟት ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሄዱባታል። ጠመኔውን ወደ ኪሳቸው ይመልሳሉ። ቁርስ የሚቀርበው ከዚህ በኋላ ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈለቀች ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ናቸው፤ የተበጠሰ ክር ከሩቅ የሚያይ ዐይን አላቸው፣ አፋቸውም እንደዚያው ነው። «ሰው ደጁ ላይ ጽጌረዳ ይተክላል» ይላሉ፤ «የእኔው ሰውዬ ማይነስ ተክሎ ይኮተኩታል።»

ቤታቸው አቃቂ በሰቃ፣ ከአሮጌው ሐዲድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ሰሌዳውን ያሠሩት እዚያው ሰፈር ካለ አናጢ ነው፤ ያጠቆሩት ደግሞ ራሳቸው፣ የባትሪ ድንጋይ ወቅጠው። የቲዎሪ ፊዚክስ ሰው ቤተ ሙከራ የለውም፤ ወረቀት፣ እርሳስና የሚደመሰስ ሰሌዳ ካገኘ ይበቃዋል። በነዚህ ሦስት ነገሮች አርባ ዓመት ሠርተዋል። አሥራ አንድ ሰዎችን ለዶክትሬት አብቅተዋል። ባለፈው ዓመት ጡረታ ሲወጡ ንግግር ያደረጉ ሁሉ ትዕግሥታቸውን አመሰገኑ። ትዕግሥታቸው ምን እየጠበቀ እንደ ኖረ ግን ማንም አላነሳም።

እኔ ጠይቄያቸው ነግረውኛል።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግኩት» አሉኝ። «የሰረቀኝ ሰው፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ስሜን በገዛ አፉ እንዲጠራው። ይቅርታ እንዲለኝ አይደለም። ይቅርታ ሲለኝማ ይቅር ልለው ነው።»

የሰረቃቸው ሰው ስሙ ሀብተሚካኤል ነው። ፕሮፌሰር ቀጀላ የታክሲ ረዳቱን ሳይቀር አንቱ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ይህን ሰው ግን «እሱ» ነው የሚሉት። ታሪኩን እንደ ነገሩኝ ስለምጽፈው እኔም እሱ እላለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከእሱ በፊት ነው። ፕሮፌሰር ቀጀላ የተወለዱት ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት ምድር ነው፤ የአባታቸው የሽምብራ ማሳ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አለ። በልጅነታቸው አንድ ጎረቤት በየእርሻው ወቅት የድንበሩን ድንጋይ አንድ ትልም ያህል ወደ እነሱ ይገፋ ነበር። ድንጋዩ የሚሄደው በዝግታ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። የአምስተኛ ክፍል ተማሪው ቀጀላ አባታቸው ለአጥር የለኩበትን ያረጀ ገመድ አገኙና ማሳውን ከዳር እዳር ለኩት፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደ ተወሰደ አስልተው ቁጥሩን ለአባታቸው ሰጡ። አባትየው ቁጥሩን ይዘው ሽማግሌ ፊት ቀረቡ። ሽማግሌዎቹ ስሌቱን አደነቁ፤ ልጁን ባረኩ፤ ሁለቱን ጎረቤቶች አሳሳሙ። ድንጋዩን ግን ከቆመበት አላነሱትም።

«ያን ቀን የተማርኩት ሒሳብ እስከ ዛሬ አገልግሎኛል» ይላሉ። «ሽማግሌ የሚያስታርቀው የተወሰደውን ሳያስመልስ ነው።»

በ1987 ዓ.ም. ቀጀላ ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ወጣት መምህር ነበሩ። በየቀኑ ከአቃቂ ወደ ዩኒቨርሲቲው በከተማ አውቶቡስ ይመላለሳሉ፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ አውቶቡሱ ደግሞ ሰው ጠግቦ አያውቅም። ጊዜው እንዳይባክን ብለው ስሌታቸውን አውቶቡስ ውስጥ ይሠሩ ነበር። መቀመጫ ሲገኝ ተቀምጠው፣ ካልተገኘም ቆመው፣ ደብተሩን ከፊታቸው ያለው ሰው ጀርባ ላይ አስደግፈው። ሥራውን ባቋረጡበት ቦታ የፌርማታውን ስም ከገጹ ዳር ይጽፉ ነበር፤ ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ ቄራ እያሉ። በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ሠርተው አንድ ደብተር ሞሉ።

ሥራው ስለ ምን እንደ ሆነ ስጠይቃቸው ከጓዳ ጎድጓዳ ሳህንና አንድ ሽምብራ አስመጡ። ሽምብራዋን ሳህኑ ውስጥ ጣሉና ጠረጴዛውን ነቀነቁት። ሽምብራዋ ትዘላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሳ ትወድቃለች፤ አንድ ቀን ግን ከንፈሩን አልፋ ትወጣለች። ሙቀትም ትንሽ ብናኝን የሚያናውጣት እንደዚሁ ነው። ጥያቄው ብናኟ ለማምለጥ ስንት ጊዜ ይፈጅባታል ነው። ቀጀላ የጠየቁት ግን ጠበቅ ያለውን ነው፤ ሙቀቱ ከአንድ ወገን ብቻ ቢጨመር ብናኟ ማምለጧ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል? ደብተሩ ይፈጥናል አለ። ይህን ያሳየ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

እሱ በዚያን ጊዜ አንድ ደረጃ የሚበልጣቸው ጓደኛቸው ነበር። ምሳ አብረው ይበላሉ፣ በሠርጋቸው ሚዜ ሆኗል። ለሦስት ወር ወደ ጣሊያን አገር፣ ወደ አንድ የምርምር ማዕከል ሊሄድ ሲነሳ ደብተሩን ሰጡት። እዚያ ኮምፒውተር አለ፤ አስተካክሎ ይጽፈዋል፣ በሁለቱም ስም ይልከዋል። ስምምነቱ ይኸው ነበር፤ ሚዜ ሚዜውን ወረቀት አያስፈርምም።

ጽሑፉ በ1988 ታተመ። ከርዕሱ ሥር አንድ ስም ብቻ ነበር፤ የእሱ። ቀጀላ መጨረሻው ገጽ ላይ የራሳቸውን ስም አገኙት፣ ከምስጋናው መካከል። አቶ ቀጀላ በጽሕፈት ሥራ ላደረጉት ትብብር ይመሰገናሉ ይላል።

«የጽሕፈት መኪና ነክቼ አላውቅም ነበር» አሉኝ። ይህን ሲሉ የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም።

ክስ ለማቅረብ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋ ደርሶ እዚያው ቆመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የተጠሩት ለሽምግልና ነው። የተቀመጡት ሁለት አንጋፋ መምህራንና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ሰይፈሥላሴ ነበሩ፤ አቶ ሰይፈሥላሴ በግቢው ውስጥ ያላስታረቁት ጠበኛ የለም ይባላል። እሱ ደብተሩ ላይ የነበረው ጭረት ብቻ እንደ ነበር፣ ሥራ ያደረገው እሱ እንደ ሆነ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ደብተሩን ገልጠው አዩ፤ የፌርማታዎቹን ስም በቀጀላ እጅ ተጽፎ አነበቡ፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ። መጽሔቱ ታትሟል፣ ጊዜው አልፏል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ጠበኛ አይኖርም አሉ። ደብተሩን አስመለሱላቸው። ከዚያም አቶ ሰይፈሥላሴ ሁለቱንም አስማሉ። ቀጀላ የማሉት እንዲህ ብለው ነው፦ «ይህን ነገር ዳግመኛ በአፌ ባነሳ እግዜር ይፍረድብኝ።» ከዚያ ተሳሳሙ። የእሱ ጉንጭ አዲስ ሽቶ ይሸት ነበር ይላሉ፤ ሽቶው ከጣሊያን የመጣ ነው።

ወይዘሮ ፈለቀች ያን ቀን ማታ ሲሰሙ፣ ቂም ተይዞ ጸሎት ሳል ተይዞ ስርቆት አይሆንም፤ ወይ ተወው ወይ ተጣላው አሏቸው። ቀጀላ ግን ሁለቱንም አላደረጉም። መንገዱን ያገኙት በቀጣዩ ዓመት ነው።

1989 ዓ.ም. ክረምት ላይ፣ ለተማሪዎቻቸው ምሳሌ ሊያዘጋጁ ደብተሩን ገልጠው ስሌቱን ከመጀመሪያው ሠሩት። ወጥቶ ያገኙት ግን ሌላ ነው። ሁለት ቀን ደጋገሙት። ሦስተኛው ቀን ላይ ደረሱበት፤ ገጽ አሥራ አራት ላይ አንድ ቅንፍ ሲፈታ አንዲት የመቀነስ ምልክት ጠፍታለች። ከገጹ ዳር በራሳቸው እጅ «ሳሪስ አቦ፤ ሰው በዛ» የሚል ተጽፏል። አውቶቡሱ አቦ ጋ ቆሞ ሰው ሲሳፈር ተገፍተው፣ እርሳሱ ተነስቶ፣ ሲመለስ ምልክቷን ዘሏት ነው። ምልክቷ ከተመለሰች መልሱ ይገለበጣል፤ ብናኟ አትፈጥንም፣ ትዘገያለች።

እሱ ደብተሩን ሲገለብጥ አላረጋገጠም። የሰረቀውን ያሰላ ሌባ የለም።

ቀጀላ መጀመሪያ የተሰማቸው እፍረት ነበር። ከዚያ ግን ወደ በረንዳው ወጥተው፣ ያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ሰሌዳ ጠርገው፣ ከታች በቀኙ ጥግ አንዲት መስመር አሰመሩ። ቢናገሩ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ማሃላቸው ይፈርሳል፣ እሱ ደግሞ ሳይዋረድ እርማቱን አውጥቶ ይተርፋል። ዝም ካሉ እሱ በዚያች ስህተት ላይ ቤት ይሠራል። ቤቱ ከፍ ባለ ቁጥር አወዳደቁ ያምራል። ስለዚህ ዝም አሉ።

እሱም ሠራ። በዚያች ጽሑፍ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ቆይቶም ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በላይዋ አምስት ሌሎች ጽሑፎች ጨመረባት። በውጭ አገር ጥቂት ሰዎች ጠቀሷት፤ ስሌቷን ደግሞ የሠራ ግን አልነበረም። ዘርፉ ትንሽ ነው፤ ሰው ሁሉ የራሱን ይሠራል እንጂ የሌላውን አይመረምርም። ቀጀላ በየዓመቱ የጠቀሷትን ሰዎች ዝርዝር ያዩ ነበር። አንድም ሰው ሳያገኛት ባለፈ ቁጥር ደስ ይላቸው እንደ ነበር አልደበቁኝም።

እሳቸውም አልተቀመጡም። ለዶክትሬት ስዊድን ሄዱ፤ በ1995 ተመለሱ። ሌላ ችግር፣ ሌላ ስሌት፣ ንጹሕ ስም ይዘው መጡ። እሱ የዕድገት ኮሚቴ አባል ስለ ነበር ማመልከቻቸው ሁለት ዓመት ጠፋ፤ ሲገኝ አንድ ሰው የሻይ ብርጭቆ አስቀምጦበት ነበር። ያንንም በአፋቸው አላነሱትም። የምርምር ቡድን አቋቋሙ፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ስለሚሰበሰቡ ሰው የሐሙስ ሰዎች ይላቸው ጀመር።

የሐሙስ ሰዎች ሕግ ጥብቅ ነው። ማንኛውም ስሌት በሁለት ሰው፣ ሁለቱ ሳይተያዩ፣ በሁለት ወረቀት ይሠራል። ሐሙስ ዕለት ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ይዘረጋሉ። ካልተስማሙ ማንም ሻይ አይጠጣም፤ ስህተቱ እስኪገኝ ሁሉም ይቀመጣል። ሥራውን የጀመረ ሰው ስም ምንጊዜም ይቀድማል፣ ትንሹ ተማሪ ቢሆንም። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ረሻድ የመመረቂያ ጽሑፉን ምስጋና ሲጽፍ መጨረሻ ላይ «ለጽሕፈት ሥራ የማመሰግነው ሰው የለም» ብሎ ጨመረ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ያችኑ ዐረፍተ ነገር ይጨምራሉ። የመምህራን ክበቡ ይስቅባታል። እሱ ይሰማል፤ ምንም ማለት ግን አይችልም፣ ታርቀዋልና።

ቢፍቱ የመጣችው በ2007 ነው። የፈጬ ልጅ ናት፤ የአባቷ የኦቦ ጉዲሳ ማሳ ከፕሮፌሰር ቀጀላ አባት ማሳ ጋር ይዋሰን ነበር፤ ያ ድንበር ገፊ ጎረቤት ግን የእሷ ወገን አይደለም፣ በሌላው በኩል ያለው ነው። መሬቱ ለኮንዶሚኒየም ሲወሰድ ኦቦ ጉዲሳ የጥበቃ ሥራ ያዙ። ልጅቷ ከቤተሰቡ የመጀመሪያዋ ተመራቂ ናት። ለዶክትሬት ስትመዘገብ ክፍሉ የመደበላት አማካሪ እሱ ነበር። የሰጣትም ርዕስ ያችኑ የእሱን ጽሑፍ ማስፋት ነው፤ ብናኟ ከአንድ ወገን በሚመጣ ሙቀት ማምለጧ ስለ መፍጠኑ።

አራት ዓመት ሠራች። ጡረታው እየቀረበ ስለ ነበር እሱ ይህን ሥራ የዕድሜው መዝጊያ ሊያደርገው ፈልጓል፤ በየስብሰባው ስሟን ያነሳ ነበር።

ሰኔ 2011 የዶክትሬት ጽሑፏን በፈታኞች ፊት ልትከላከል ቀረበች። ከውጭ አንድ ፈታኝ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ መጣ፤ የውስጥ ፈታኝ ሆነው የተመረጡት ፕሮፌሰር ቀጀላ ናቸው። እሱ ይህን መቃወም ይችል ነበር። ግን ምክንያቱን ተናገር ቢሉት ምን ይላል? ጠብ አለን ካለ ማሃላ ያፈረሰው እሱ ነው። ስለዚህ ፈረመ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኦቦ ጉዲሳ የዘበኛ ካፖርታቸውን አውልቀው ሙሉ ልብስ ለብሰው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ አቶ ሰይፈሥላሴም ጡረታ ከወጡ የቆዩ ቢሆንም ለወጣቷ ክብር ብለው በከዘራ መጥተዋል። ቢፍቱ ገለጻዋን ጨረሰች፤ በደንብ ጨረሰች። ተራው ለፕሮፌሰር ቀጀላ ደረሰ። ጠመኔ አንስተው ሰጧት፤ መነሻውን ቀመር ሰሌዳው ላይ በእጇ እንድታወጣላቸው ጠየቁ። ማንም እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም፤ መነሻው የታወቀ ነገር ነው። ጀመረች። ቅንፉ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብላ የመቀነስ ምልክቷን ጻፈች።

«አሁን ብናኟ ትፈጥናለች ወይስ ትዘገያለች?» አሏት።

«ትዘገያለች።»

«የጽሑፍሽ ርዕስ ምን ይላል?»

ወደ አማካሪዋ አላየችም። ያየችው ወደ ፕሮፌሰር ቀጀላ ነው፤ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። እሳቸው ግን ፊታቸውን ከእሷ አዙረው ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቁት ሰው ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጧል።

«ፕሮፌሰር ሀብተሚካኤል» አሉ፤ ከመታረቂያው ቀን ወዲህ ስሙን ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው። «ይህ ስሌት የእርስዎ ነው። ብቻዎን የሠሩት ነው። እባክዎ ያስረዱን።»

እሱ ተነሳ። ሰሌዳውን አየ፣ የውጭውን ፈታኝ አየ፣ ከኋላው የተቀመጡትን ተማሪዎቹን አየ። ምን እንደሚል ፕሮፌሰር ቀጀላ ያውቁ ነበር፤ በየጠዋቱ ሰሌዳ ሲወለውሉ ሰምተውታል።

«የእኔ አይደለም» አለ። «ቀጀላ፣ ራስህ ታውቃለህ። ከደብተርህ ነው የወሰድኩት። ስህተቱ ያንተ ነው፤ የእኔ አይደለም።»

የውጭው ፈታኝ ብዕሩን አንስቶ፣ ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር ወይ ብሎ ጠየቀ።

«እንደ ተነገረው ይስፈር» አሉ ፕሮፌሰር ቀጀላ።

ሰፈረ። ወረቀቱን አሳይተውኛል፤ ቅጂውን በፕላስቲክ አሽገው ከዲግሪያቸው አጠገብ ሰቅለውታል። ከስህተት ለማምለጥ ሲል ስርቆቱን በገዛ አፉ ተናገረ። ስማቸውን ጠራው፤ ያውም ያለ ማዕረግ፣ እንደ ድሮ ጓደኛ። እሳቸው ማሃላቸውን አላፈረሱም፤ ስለ ስርቆት አንድ ቃል አልወጣቸውም።

አቶ ሰይፈሥላሴ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲወጡ በሩ ላይ አገኟቸው። «ማሃላህን ጠብቀሃል» አሏቸው። «እኔን እንዳታለልከኝ እግዜርን ማታለልህን ግን እንጃ።» ፕሮፌሰር ቀጀላ እጅ ነሱ። ያን ቀን ከአራት ኪሎ እስከ ሳሪስ አቦ በእግራቸው ሄዱ፤ ደብተሩ በብብታቸው ነበር። ገጽ አሥራ አራት የተጻፈበት ፌርማታ ሲደርሱ አውቶቡስ ሳይጠብቁ ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ ታክሲ ያዙ።

እሱ በዚያው ወር ከኃላፊነት ወረደ፤ በዓመቱም ጡረታ ጠየቀ። መሸኛ አልተዘጋጀለትም። አንድ ጊዜ ሳሪስ ገበያ ላይ ተገናኝተዋል፤ ሰላም ያለው እሱ ነው፣ ቀድሞ ባርኔጣውን ያነሳውም እሱ ነው። ፕሮፌሰር ቀጀላ ሽንኩርት እየመረጡ ነበር፤ መምረጣቸውን ቀጠሉ። ይህን ሲነግሩኝ ዐይናቸው የልጅ ዐይን ሆነ። የመጽሔቱ እርማት የወጣው በእሳቸው ስም ነው፤ ከመከላከያው በዘጠነኛው ቀን ልከውታል። ረሻድ በዘጠኝ ቀን እንዴት አደረሱት ብሎ ተደንቋል። ተጽፎ ያለቀው በ1989 ስለ ነበር ነው።

የቢፍቱ ጽሑፍ ተቀባይነት አላገኘም። ከመነሻው ጀምራ እንደገና እንድትሠራ ተፈቀደላት፤ አልተመለሰችም። አሁን ኮዬ ፈጬ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት የአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ታስተምራለች። ኦቦ ጉዲሳ ያን ሙሉ ልብስ ዳግመኛ ሲለብሱት አላየሁም የሚሉት ወይዘሮ ፈለቀች ናቸው፤ በሰፈሩ ለቅሶ ላይ ሁሉ ይገናኛሉ። በመከላከያው ዕለት ማታ ባላቸው ድሉን ሲተርኩላቸው፣ ወይዘሮ ፈለቀች ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጅቷስ?»

ልጅቷ ወጣት ናት አሏቸው።

ታዲያ ያ ሁሉ ካለፈ፣ ስማቸውም ከተጠራ፣ ሰሌዳው ላይ ያለችው ማይነስ ለምን አልተደመሰሰችም? ይህን የጠየቅኩት ወይዘሮ ፈለቀች አቦን ሊሳለሙ ሄደው፣ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ በነበርንበት ከሰዓት ነው። ፕሮፌሰር ቀጀላ ጠመኔውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ነገሩኝ። ነግረውኝ ሲጨርሱ፣ «ሁሉን ጻፊው፤ ቂሜንም፣ ሽንኩርቱንም ጻፊ። ይችን ብቻ ተይልኝ» አሉ።

ኅዳር 2007 ነበር። ቢፍቱ ከተመዘገበች ሁለት ወሯ ነው። ላፕቶፗን በነጠላ ጠቅልላ፣ ከኮዬ ፈጬ በሁለት ታክሲ፣ ወደዚህ በረንዳ መጣች። ግቢ ውስጥ ፕሮፌሰር ትላቸዋለች፤ እዚህ ግን ጋሼ አለቻቸው። ሰሌዳው ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ሲሏት፣ ከመቀመጧ በፊት ተነስተው ከፊቷ ቆሙ። ጀርባቸው የቀኙን የታችኛውን ጥግ ሸፈነው።

በኮምፒውተር ብናኟን አንድ መቶ ሺህ ጊዜ አስመልጣት ነበር። ሁልጊዜ ትዘገያለች። የአማካሪዋ ቀመር ግን ትፈጥናለች ይላል። እሱን ለመጠየቅ ፈርታለች፤ የአገሬ ሰው ብላ ወደ እሳቸው መጣች።

«ጋሼ፣ ቀመሩ ስህተት ይኖርበት ይሆን?» አለች። «እንዳለበት ከነገሩኝ ርዕስ እቀይራለሁ፤ ገና ነኝ።»

«ቀመሩ ደህና ነው» አሏት። «ኮምፒውተርሽን ፈትሺ።»

ተነስታ እጅ ነሳቻቸው። አራት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተሯን ፈተሸች። ለመከላከያ ያቀረበችው ጽሑፍ አንድ ቅጂ ዛሬም መደርደሪያቸው ላይ አለ፤ የምስጋናውን ገጽ ገልጠው ሰጡኝ። ከአባቷ ስም ቀጥሎ፣ በጠራ ፊደል፣ ገና በመነሻዬ ኮምፒውተሬን እንድፈትሽ ለመከሩኝ ለፕሮፌሰር ቀጀላ ይላል።